የሎሁ ውሃ የት ይፈሳል

እሑድ ኅዳር 28 ቀን 1979 ዓመተ ምሕረት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው አውቶቡስ የመጨረሻ ተሳፋሪውን አስገብቶ በሩን ዘጋ። የመጨረሻዋ ተሳፋሪ ሥርጉት ነበረች። ሥርጉት በኮምቦልቻ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ የምታስተምር፣ ከኮሌጅ ከወጣች ገና ብዙ ያልቆየች ወጣት ናት። የሳምንቱን መጨረሻ ደሴ ከእናቷ ዘንድ አሳልፋ መመለሷ ነው። እናቷ የቋጠሩላትን ስንቅ እንዳቀፈች መቀመጫ ስትፈልግ፣ ከሾፌሩ ጀርባ አንድ ሽማግሌ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው አየች። ከጎናቸው ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ባዶ የሆነበትም ምክንያት ነበረው፤ ሽማግሌው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር በወንበሩ ላይ አጋድመው፣ ሰው በቀረበ ቁጥር እጃቸውን ይጭኑበት ነበር።

ሥርጉት አጎንብሳ ሰላምታ ካቀረበች በኋላ ቦታው ሰው እንዳለው በትሕትና ጠየቀች። ሽማግሌው ፊቷን አዩ፤ ስንቋንም አዩ፤ ከዚያም ጥቅሉን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አንሥተው በጉልበታቸው ላይ አቆሙትና «ተቀመጪ ልጄ፤ የሰው አይደለም፣ የአላህ ነው» አሏት።

ሼህ አብዱልወሀብ ይባላሉ። በኩታበር በኩል ባለች መንደር ጎልማሳ ሳሉ የጀመሩትን ቁርኣን ማስቀራት እስከ ዛሬ አላቋረጡም። የመንደሩ አባወራ አብዛኛው በእሳቸው እጅ ፊደል የቆጠረ ነው። ይህን ሁሉ ሥርጉት የሰማችው አውቶቡሱ የደሴን ዳገት ሳይጨርስ ነው፤ ሽማግሌው ለጨዋታ የማይሰስቱ ሰው ነበሩና። የከተማው ዳርቻ ላይ ሲደርሱ ግን ጨዋታው ተቋረጠ። በመንገዱ ዳር ተሰልፈው የነበሩ ሕፃናት እጃቸውን እያወዛወዙ «ባይ ባይ፣ ባይ ባይ» እያሉ አውቶቡሱን ሸኙት። ሼሁ ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ።

«አሁን ይኼ ምንድን ነው?» አሉ። «እናት አባቶቻቸው ሲለያዩ ምን እንደሚባል አላስተማሯቸውም? የአላህ ስም የሌለበት ስንብት ለከብትም አይሆን።»

ሥርጉት ስለዚህች ቃል የምታውቀው ነገር ነበራት። ነገር ግን ሽማግሌን በአደባባይ ማረም ነውር መስሎ ስለ ታያት ዝም አለች። ዛሬም ብዙዎቻችን እንደዚሁ ነን፤ እውነቱን ብናውቅም ለማክበር ስንል እንውጠዋለን፤ ያከበርነውም ሰው ሳያውቀው ይቀራል።

የሐረጎን ቁልቁለት ሲጀምሩ ጉም መንገዱን ሸፈነው። ቀለሙ የሚባለው ሾፌር ጥቂት ጠመዝማዛ እንደ ወረደ የጋለ ጎማ የመሰለ ሽታ አውቶቡሱን ሞላው። ቀለሙ መኪናውን ከተራራው ግድግዳ አስጠግቶ አቆመና፣ ፍሬኑ እስኪበርድ ድረስ ሁሉም እንዲወርድና እግሩን እንዲያፍታታ ነገረ። አንዳንዱ አጉረመረመ። ሼህ አብዱልወሀብ ግን የዐስር ሰላት ስለ ደረሰ ደስ አላቸው። ከአንድ መንገደኛ ውሃ ተቀብለው ውዱእ አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ይዘው ዙሪያውን ቃኙ። መሬቱ እርጥብ ነው፤ አውቶቡሱ ውስጥ ብቻውን ቢተዉት ደግሞ ሰው የሚነካው ሆኖ ታያቸው። መጨረሻ ላይ ወደ ሥርጉት ቀርበው ጥቅሉን ሰጧትና «ልጄ፣ መሬት እንዳይነካ አደራ» አሉ።

ሥርጉት ተቀበለች። ከገደሉ የሚወጣው ነፋስ ግን አደራ አያውቅምና የጨርቁን ጫፍ ገለበጠው። ከውስጡ ከረጅም ዘመን አገልግሎት የተነሣ የወዛ እንጨት ብቅ አለ። ሎህ ነበር፤ ደረሶች፣ የሼህ ተማሪዎች፣ ቁርኣን የሚጽፉበትና የሚያጠኑበት፣ አጥንተው ሲጨርሱም አጥበው እንደገና የሚጽፉበት ሰሌዳ። በሎሁ ላይ በጥላሸት ቀለም የተጻፈው ግን ቁርኣን አልነበረም። ‹ኮተን› ይላል፤ ከሥሩ ‹ሹገር›፣ ከዚያ ‹ሌመን›፣ ‹ዜሮ›፣ ‹አልጀብራ›፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል። ከየቃሉ አጠገብ ያለው የሰሌዳው ግማሽ ባዶ ነው።

ሥርጉት ጽሑፉን አወቀችው። የእንግሊዝኛን ፊደል እንደ ዐረብኛ ጅራት እያስረዘመች የምትጽፍ አንዲት ተማሪ ብቻ ናት ያለቻት። ዘይቱና ናት፤ ከክፍሉ ሁሉ ፊተኛዋ ዘይቱና።

ሼሁ ሰላታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ የተገለጠውን ጨርቅ አዩ፤ አልተቆጡም። ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ራሳቸው አወጡት። ዘይቱና የልጃቸው ልጅ ናት። ኮምቦልቻ ከአክስቷ ጋር ሆና ትማራለች። ባለፈው ሳምንት ልትጠይቃቸው መጥታ ስትመለስ መኪና እንዳያመልጣት በጥድፊያ ወጣች፤ ሎሁም በግድግዳው ተደግፎ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ቀድመው ያዩት ደረሶቹ ናቸው። ወሬው ከመስጊዱ እስከ ገበያው ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም፤ የሼሁ የልጅ ልጅ በቁርኣን ሎህ ላይ እንግሊዝኛ ጻፈች ተባለ።

«ላጥበው ውሃ ቀዳሁ» አሉ ሼሁ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የሎህ ውሃ እግር በሚረግጠው ቦታ እንደማይፈስ ታውቂ እንደሆነ እንጃ። እኛ ከንጹሕ ቦታ ነው የምናፈሰው፤ የታመመም ይጠጣዋል። ይኼን ግን የት ላፍስሰው? ከንጹሕ ቦታ ባፈስሰው ቁርኣኑን አረከስሁ ብዬ ፈራሁ። ከቆሻሻ ባፈስሰው ደግሞ ሎሁን አዋረድሁት። ስድሳ ዓመት ስቀራና ሳስቀራ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ውሃውን ደፍቼ ሎሁን እንዳለ ይዤው መጣሁ።»

ሥርጉት ወዴት እንደሚወስዱት ጠየቀች።

«ለራሷ ላሳያት። ከዚያ ልጅቱን ይዣት እመለሳለሁ። የሐርቡው ኑርሁሴን ለልጁ ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው፤ ዐርብ ይመጣሉ። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ትምህርቱ ይበቃታል።»

ዘይቱና ለመልቀቂያ ፈተና የምትመዘገብበት ሳምንት ይኸው የሚመጣው ሳምንት ነበር። ሥርጉት ይህን ታውቃለች። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱ እጅ ነሥታ መሰናበት፣ በበነጋው የአንዲት ወንበር ባዶ መሆን አይቶ ማዘን ብቻ ነው። ለአፍታ ያህል ይህ ቀላል መንገድ ዓይኗ ላይ ዞረ። ከዚያ ሎሁን በሁለት እጇ አንሥታ ለሼሁ መለሰች።

«አባቴ፣ እነዚህን ቃላት ያስተማርኋት እኔ ነኝ።»

ሼሁ ሎሁን ተቀብለው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። በአካባቢው የቆሙ መንገደኞችም ጠጋ አሉ።

«አንቺ ነሽ እንግዲህ» አሉ። «እኔ ደግሞ ጢም ያለው ፈረንጅ መስሎኝ ነበር።»

«በሎህ ላይ ጻፉ አላልኋቸውም። እንደ ልማዳችሁ አጥኑ ብያቸው ነበር፤ እሷ የምታጠናው በሎህ ኖሯል። ጥፋት ከሆነ ግን ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል። የሚቆጡ ከሆነ እኔን ይቆጡኝ። ፍርዱን ከመስጠትዎ በፊት ግን ምን እንደ ተጻፈ ያንብቡልኝ።»

ሼሁ የእንግሊዝኛ ፊደል እንደማያነቡ ተናገሩ። እንግዲያው እኔ ላንብብ፣ እርስዎ ይፍቱልኝ አለች ሥርጉት። ነገሩ እንቆቅልሽ ስለ መሰላቸው ሳይወዱ በግድ ፈቀዱ።

«‹ኮተን› ይላል። እንግሊዞች ጥጥን እንዲህ ይሉታል።»

«ይበሉት።»

«በዐረብኛስ ጥጥ ምን ይባላል?»

«ቁጥን።» ሼሁ መልሰው መላልሰው በአፋቸው ውስጥ አኘኩት። «ቁጥን... ኮተን።»

«‹ሹገር› ይላል፤ ስኳር ነው።»

«ሱከር። ይኼማ ለእኛም ስኳር ሆኖ ገብቷል።»

«‹ዜሮ› ይላል። ተማሪ ምንም ሳያገኝ ሲቀር የምንሰጠው ባዶው ቁጥር ነው።»

ሼሁ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ባዶ ‹ሲፍር› ነው።»

«እንግዲያው ከእሱ ነው የመጣው። ጣሊያኖች ተቀብለው አለሳለሱት፤ እንግሊዞችም ከዚያ ወሰዱት። ‹አልጀብራ› ደግሞ የሒሳብ ዓይነት ነው፤ የማይታወቀውን ቁጥር የሚፈልጉበት።»

«አልጀብር?» አሉ ሼሁ፤ አሁን ከድንጋዩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «አልጀብር እኮ የተሰበረን መጠገን ነው። የወጌሻ ሥራ ነው። ሒሳቡን ወጌሻ አሉት?»

«የጎደለውን የሚጠግን ስለ ሆነ ያን ስም የሰጡት የዐረብኛ ሊቃውንት ናቸው። አውሮፓውያን ሒሳቡን ከእነሱ ሲማሩ ስሙንም አብረው ወሰዱ። ዘይቱና ከየቃሉ አጠገብ ባዶ የተወችው ዐረብኛውን ለመጻፍ ነው። ያለኝ መጽሐፍ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው ብሎ ያልፋል፤ እኔም ዐረብኛ አላውቅም። ስለዚህ የሚያውቅ ያላችሁ ከቤት ጠይቁ ብዬ ነበር።»

ሼሁ ባዶውን የሎህ ግማሽ በጣታቸው ዳበሱ። የልጅ ልጃቸው ጥያቄ ይዛ መጥታ፣ ሳትጠይቅ እንደ ተመለሰች ገባቸው፤ ለምን እንዳልጠየቀች ግን ገና አልገባቸውም።

የአንዲት ወጣት መምህርት ድክመት ማሸነፍ ስትጀምር አለማቆም ነው። ሥርጉትም ልቧ ሞቆ ሌሎች ቃላት ደረደረች፤ ሌመን ሎሚ ነው አለች፤ የጠመንጃ ጥይት መያዣና መጽሔት በእንግሊዝኛ የሚጠሩበት ‹ማጋዚን› የሚለው ቃል፣ እኛም መጋዘን የምንለው ነው አለች። በዚሁ አላቆመችም።

«‹አልኮል› የሚለው እንኳ ከዐረብኛ የሄደ ነው።»

ሼሁ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ ልጄ። እሱ ‹አልኩሕል› ነው፤ የዓይን ኩል። ስሙ ከእኛ ሄዶ የአረቄ ስም ሆነ?»

«ሆነ አባቴ።»

«እንግዲያው ስሙ የኛ ስለ ሆነ አረቄውም ከዛሬ ጀምሮ ተፈቅዷል በይኛ።»

መንገደኛው ሁሉ ሣቀ። ሾፌሩ ቀለሙ ከጎማው ሥር ቀና ብሎ «ሼህዬ፣ እሱን ካስፈቀዱማ እኔም ነገ እሰልማለሁ» አለ። ሼሁም ሣቁ። የሥርጉት ፊት ግን ቀላ። በክፍሏ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቃት ተማሪ አልነበረምና።

ጥቂት አሰበችና ያለ ማፈር መሸነፏን አመነች። «ልክ ነዎት» አለች። «የቃል ዘር ነገሩን አይቀድሰውም። ነገር ግን አባቴ፣ የማይቀድሰው ከሆነ አያረክሰውምም። ፈረንጅ ስለ ተናገረው ብቻ ቃል ነጃሳ አይሆንም። ሾፌሩ ስለ ፍሬን ሲነግረን፣ ቃሉ የጣሊያን ነው ብሎ አልወርድም ያለ ሰው አላየሁም።»

«ጣሊያንን በዓይኔ አይቸዋለሁ» አሉ ሼሁ። «ሰውየው ሄደ፤ ቃሉ ቀረ።»

«የቀረውም ስለ ጠቀመን ነው። እንግሊዞችም እንዲሁ አደረጉ። ከአውሮፓ ተነሥተው ከእስላም ሊቃውንት እግር ሥር የተቀመጡ ደረሶች ነበሩ። ሒሳብና ሕክምና ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዐረብኛ ስለ ተማሩ ሃይማኖታቸውን አልጣሉም፤ እውቀቱን ግን አልተዉትም። ዛሬ እንዲያ ያለ ደረሳ ዘይቱና ናት። እሷ ተቀብላ ብትመጣ ምን ይጎድላል?»

ሼሁ ሎሁን በጉልበታቸው ላይ አስተካከሉት። ሥርጉትም ፊታቸው የጠላት ፊት እንዳልሆነ ስላየች፣ ቃል ከቃል ተጋጥሞ እንዴት እንደሚሠራ ነገረቻቸው። እንግሊዞች ቁርስን ‹ብሬክፋስት› ይሉታል፤ ‹ብሬክ› መስበር፣ ‹ፋስት› ጾም ነው፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ ጾም መስበር ይሆናል፤ ሌሊቱን ሳይበሉ ያደሩበትን ነውና።

«ፉጡር» አሉ ሼሁ ወዲያው። «የኛም እንዲያው ነው። ጠዋት የሚበላውም፣ በረመዳን ማታ የምናፈጥርበትም ሥሩ አንድ ነው።» ቀና አሉ። «ይኼን ግን ከኛ አልወሰዱትም?»

«አልወሰዱትም። ለየብቻቸው ነው የደረሱበት።»

«ተርበው ሲያድሩ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰው ናቸዋ» አሉ።

ሥርጉት በዚህ ሰዓት ልታሸንፍ የቀረበች መሰላት። ሼሁ ግን ፊታቸውን ወደ ጉሙ አዞሩና በቀስታ መናገር ጀመሩ፤ አሁን የሚናገሩት ከመንገደኞቹ ለአንዱም አልነበረም።

«ልጄ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ቃል ጠልቼ አይደለም። የሱፍ የሚባል ልጅ ነበረኝ፤ የዘይቱና አባት። እንዳንቺ መምህር ነበር። በዚያ ወጣቱ በየደጁ በታፈሰበት ክፉ ዓመት አንድ ጠዋት ፉጡር ሳይቀምስ ወጣ፤ አሁን እመጣለሁ ብሎ። ኩታበር ላይ ያስተማርኋቸው፣ ፊደል ብቻ ቆጥረው የቆሙት ሁሉ ዛሬም አሉ። የሱፍ የለም። ትምህርት ነው የበላብኝ። ይችን ደግሞ ልሰጠው?»

ነፋሱ በረታ። ሥርጉት በመጽሐፍ ያነበበችው ሁሉ በዚህ ቦታ እንደማያገለግል ተረዳች። ድምፅዋን አለዝባ፣ ለሳቸው ብቻ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«አባቴ፣ የእኔም ታላቅ ወንድም በዚያው ዓመት ቀርቷል። ጋሪ ነጂ ነበር፤ ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም። የሱፍን የወሰደው ትምህርት ከሆነ፣ ያልተማረውን ወንድሜን ማን ወሰደው?»

ሼህ አብዱልወሀብ ወደ እሷ ዞሩ። በሐረጎ ጉም ውስጥ አንድ እስላም ሽማግሌና አንዲት ክርስቲያን ወጣት ተያዩ፤ አንዱ የሌላውን ሐዘን ለማወቅ ትርጓሜ አላስፈለገውም።

«አብሽሪ ልጄ» አሉ። «አላህ ነፍሱን ይማር።»

«ሕፃናቱ ‹ባይ ባይ› ሲሉ ተቆጥተው ነበር» አለች ሥርጉት። «ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ቃሉ ሙሉ ሆኖ ‹ጉድባይ› ነው። ጥንት እንግሊዞች ሲለያዩ ‹አምላክ ካንተ ጋር ይሁን› ይባባሉ ነበር። አፍ ሲቸኩል፣ ዘመን ሲረዝም አጠረ፤ እነዚያ ልጆች ጋ ሲደርስ ጭራው ብቻ ቀረ። የአላህ ስም ያልነበረበት ስንብት አይደለም፤ በውስጡ ተደብቆበት ነው።»

የሼሁ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «ፊ አማኒላህ» አሉ፤ ሙስሊም ወዳጁን ለአላህ ጥበቃ ሰጥቶ የሚሰናበትበትን ቃል። ከዚያ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጉሙ ከላይ ቀረ፤ የቦርከና ወንዝ ዳር እርሻና የኮምቦልቻ ቆርቆሮዎች ታዩ። ሼሁ የጠየቁት ነገር ጥቂት ነበር፤ ፈተናው መቼ እንደ ሆነ፣ ልጅቱ ብታልፍ የት እንደምትሄድ፣ እስላም ሴት ልጅ ሰላቷን እየሰገደች የምትማርበት ቦታ መኖሩን። ሥርጉት የምታውቀውን ነገረቻቸው፤ የማታውቀውን አላውቅም አለች። ይህ አላውቅም ማለቷ ከተናገረቻቸው እውቀት ሁሉ ይልቅ ልባቸውን እንደ ነካው ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል።

ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ሥርጉት ሼሁን ተከትላ እስከ ልጅቱ ቤት ሄደች። የዘይቱና አክስት ኡሙሰልማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ከፈረቃ ገና መመለሷ ስለ ነበር በሻሿ ጠርዝ ላይ የጥጥ ብናኝ ይታይ ነበር። አባቷን ድንገት በደጅ ስታይ ደነገጠች። ከቤት የወጣችው ዘይቱና ግን መጀመሪያ ያየችው ነጩን ጥቅል ነው። ወዲያው የአያቷን ጉልበት ለመሳም ወደቀች፤ ቀና ሳትልም አለቀሰች። ሎሁን አጥባ ነው የጻፈችው፤ አያቷ ዙሁር ሲሰግዱ ጠብቃ ነው የጻፈችው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሎህ ያልጻፈችው ነገር በልቧ ስለማይቀመጥ ነው የጻፈችው፤ እንዲህ እያለች ተናገረች። ወደ እሷ የመጡትም ሊወስዷት እንጂ ሊጠይቋት እንዳልሆነ አውቃ ነበር።

ሼሁ አነሷት። በግቢው ውስጥ ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር ኡሙሰልማ በዘረጋችው ሰሌን ላይ ተቀምጠው፣ ለሦስቱ ሴቶች እንዲህ ሲሉ ተናገሩ።

«ለኑርሁሴን ሽማግሌዎች ልጅቱ ትምህርት ላይ ናት እላቸዋለሁ። የሚሹዋት ከሆነ ይጠብቋት። ዘይቱና በዚህ ሳምንት ለፈተናው ትመዘገባለች። ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ የመንደሬ ሰው አይጠፋም፤ መልስ አለኝ። ሐኪም ቤት ሰጥተውኝ ከመሶቡ ላይ የተቀመጠውን መድኃኒት እንዴት እንደምውጠው የሚያነብልኝ ሰው አጥቼ ከርሜአለሁ፤ ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው። ከኛ ሴቶች ሐኪም ቢኖር፣ ወንድ ሐኪም አይነካኝም ብለው እቤታቸው ተኝተው የሞቱት ባልሞቱ ነበር። ኡሙሰልማ በፋብሪካው የምታንቀሳቅሰው መኪና ላይ የተጻፈውን ታነበው እንደሆነ ጠይቋት፤ አታነበውም። የአያቶቻችን እውቀት ዓለምን ዞሮ፣ ልብሱን ለውጦ ደጃችን ሲቆም እኛ እንግዳ ነህ ብለን በር ዘጋንበት። የሄደውን የሚያስመልስ ሰው ያስፈልገናል። እኔ ዕድሜዬ አልፏል፤ ይች ትመልሰው።»

ኡሙሰልማ እልል ልትል ቃጥታ በአባቷ ፊት አፈረችና አፏን በእጇ ያዘች። ሥርጉትም አንገቷን ደፋች። ለአንዲት ተማሪ የተከፈተ በር ለአንድ መንደር እንደሚበቃ በዚያች ሰዓት አመነች፤ ከእኛም ይህን የሚጠራጠር ካለ፣ በየደጁ ቆመው መከፈቱን የሚጠብቁትን ሴቶች ልጆች ይቁጠር።

ሼሁ ጨርቁን ፈተው ሎሁን ለዘይቱና ሰጧት። «አሁን እጠቢው» አሉ።

ዘይቱና በንጹሕ ጣሳ ውሃ አምጥታ፣ ሳህን ከሥሩ አድርጋ፣ እንደ ተማረችው ከላይ ወደ ታች አጠበችው። ኮተን ሄደ፤ ሹገር ሄደ፤ ዜሮና አልጀብራ ጥቁር ሆነው ወደ ሳህኑ ወረዱ። አጥባ ስትጨርስ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

«አባባ፣ የት ላፍስሰው?»

ሼህ አብዱልወሀብ ከሰሌኑ ተነሥተው የሎሚውን ዛፍ ግንድ በእጃቸው መቱ። «እንደ ወትሮው ነው» አሉ። «እግር ከማይረግጠው ቦታ። እዚህ አፍሺው።»

ውሃው በሎሚው ሥር ፈሰሰ፤ አፈሩም ጠጣው። ሥርጉት የምትሰናበትበት ጊዜ ስለ ደረሰ ነጠላዋን አስተካከለች። ሼሁም ፈገግ ብለው ‹ባይ ባይ› የሚለውን በሽማግሌ አንደበት ሞከሩት፤ ‹ፊ አማኒላህ›ንም ጨመሩበት። ሁሉም ሣቀ፤ ዘይቱና ግን አልሣቀችም። ባዶውን ሎህ በደረቷ አቅፋ አያቷ ፊት ቆማ ነበር።

«አባባ» አለች። «ያልጠየቅሁዎት ስለ ፈራሁ ነው። ቁርኣኑን ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አኽትሜአለሁ፤ የምቀራውን ግን አላውቀውም። ለወንዶቹ ደረሶች ኪታቡን ሲፈቱላቸው እኔ ከበሩ ውጭ ሆኜ ነው የምሰማው፤ ሰው ሲመጣ እሸሻለሁ። ከመምህርቴ ‹ዜሮ› ከዐረብኛ መምጣቱን ከመስማቴ በፊት የዐረብኛውን ትርጉም ከእርስዎ መስማት ነበረብኝ። ፈተናውን ጨርሼ ስመጣ፣ ከወንዶቹ ጋር አስቀምጠው ትርጉሙን ለእኔም ያስተምሩኛል?»

ኡሙሰልማ ራሷን ዝቅ አደረገች። በመንደራቸው ሴት ልጅ ትቀራለች እንጂ ኪታብ አይፈታላትም፤ ይህን ልማድ ያጸኑት ራሳቸው ሼሁ ናቸው።

ሼህ አብዱልወሀብ ሎሁን ከእጇ ተቀበሉ። ገና እርጥብ ነበር። ከሰሌኑ ላይ ተመልሰው ተቀምጠው ወደ ነፋሱ አዙረው በጉልበታቸው ላይ አቆሙትና፣ ከጠርዙ የቀረውን ጠብታ በመዳፋቸው አበሱ። ከፋብሪካው በኩል ጥሩምባ ተሰማ፤ አልቆም ብሎ ቆይቶም ዝም አለ። ሼሁ ዓይናቸውን ከባዶው እንጨት አላነሡም።

ዘይቱና ቆማ ትጠብቃለች።